በልደት ያላገኘነው ጥርስ

የሰው ሥጋ የራሱ የሚባለው ከእናቱ ማሕፀን ይዞት በመውጣቱ ነውን፥ ወይስ ዘግይቶ ከውጭ የገባውንም ተቀብሎ ካኖረው የራሱ ይሆናል? ይህ ጥያቄ በጥንት ሊቃውንት ዘንድ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ ሙታን በሚደረገው ክርክር ሲነሣ የኖረ ቢሆንም፥ የጥርስ ሐኪሞች በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የቲታኒየም ሥር መትከል ከጀመሩ ወዲህ ግን ከመጽሐፍ ወጥቶ በሕያው ሰው አፍ ውስጥ የሚዳሰስ ነገር ሆኗል።

የነገሩ ጅማሬ ከጥርስ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ስዊድናዊው ሐኪም ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በሉንድ ከተማ፥ ደም በአጥንት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ለመመርመር ከቲታኒየም የተሠራች መመልከቻ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ አግብቶ ነበር፤ ምርመራውን ጨርሶ ሊያወጣት በፈለገ ጊዜ ግን አጥንቱ ብረቷን አጥብቆ ይዞ አልለቅ አለው። ለሥራው እንቅፋት የሆነበትን ይህን ነገር ንቆ ስላልተወው፥ ከብዙ ጥናት በኋላ በ1965 በጎተንበርግ፥ ከልደቱ ጀምሮ በመንጋጋው ጉድለት ለነበረበት አንድ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሥሮች ተከለለት፤ ያም ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ፥ 40 ዓመት ያህል፥ በእነዚያ ሥሮች ላይ በቆሙ ጥርሶች ሲበላ ኖረ።

በዚህ ሕክምና ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ትዕግሥቱ ነው። ሐኪሙ ድዱን ሰንጥቆ አጥንቱን ሲበሳ መሣሪያውን በልክ ያዞራል፥ ጨው ያለበትን ንጹሕ ውሃም ሳያቋርጥ ያፈስበታል፤ አጥንት በ47 ዲግሪ ሙቀት ለ1 ደቂቃ ያህል ከቆየ ይጎዳልና፥ የሞተ አጥንትም የሚቀበለው ነገር የለምና። ከዚያ ብሎን የመሰለውን ሥር አጥብቆ ድዱን ይሰፋና ይጠብቃል፤ በቀደመው ሥርዓት ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር፥ ለላይኛው 6 ወር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሐኪሙ የሚሠራው የለም፤ ሕያዋን ሕዋሳት በገዛ ሥርዓታቸው ወደ ብረቱ ቀርበው በፊቱ ላይ አዲስ አጥንት ያበጃሉ። ይህን ያስተዋለ ሰው፥ ሐኪም መንገድ ይጠርጋል እንጂ ፈውሱ ከሌላ መሆኑን ለመካድ ይቸግረዋል።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ስለ ታላቁ የሥጋዌ ምስጢር ሲያስተምሩ «ያለ ውላጤ፥ ያለ ቱሳሔ» የሚሉትን ወደዚህ ምድራዊ ነገር ማውረድ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ይሁን እንጂ አጥንቱ አጥንት፥ ብረቱም ብረት እንደ ሆነ ሳለ ሁለቱ በአንድ ኃይል እህል ሲያደቁ ሳይ፥ ያለ መለወጥና ያለ መቀላቀል አንድ መሆን ለፍጥረት እንግዳ እንዳልሆነ አምናለሁ። በሰሜን አገራችን ያሉ እናቶች ድዳቸውን ሲነቀሱ የገባውን ጥቁር ቀለም፥ ከውጭ የመጣ ነው ብሎ ከገላቸው የሚለይስ ማን ነው?

ሆኖም የተተከለው ሥር በሁሉ ነገር ከተወለደው ጋር አይተካከልም። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር በቀጭን ጅማት የተያያዘ ስለ ሆነ፥ በጅማቱ ውስጥ ያሉት ነርቮች በእንጀራ ውስጥ የቀረችውን አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ያስታውቁታል፤ ቲታኒየሙ ግን ይህ ጅማት የለውምና ስሜቱ የደነዘዘ ነው። የድዱም ክሮች በተፈጥሮ ጥርስ ሥር ገብተው እንደሚይዙት ብረቱን አይይዙትም። ስለዚህ በድዱ ጠርዝ የሚከማቸው ቆሻሻ ተሕዋስያኑን ይዞ ወደ ታች ሲወርድ፥ በሥሩ ዙሪያ ያለው አጥንት ባለቤቱ ሳይሰማው ሊበላ ይችላል፤ ቀድሞ በድድ በሽታ ጥርሱን ላጣ ሰውም አደጋው ይበልጥ የጸና ነው። አጥንቱ ባዕዱን የተቀበለው ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ነው፤ የተቀበለውን ማቆየት ግን በፈቃዳችን ላይ ተጥሏል፤ ስለ ጸጋና ስለ ምግባር ሲከራከሩ የኖሩት መምህራን ይህን ቢያዩ ሁለቱም ወገኖች ምስክር ያገኙበት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከማሕፀን ያገኘነውም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ ድዱ የታመመበት ሰው የገዛ ጥርሱ፥ አንዳች ትል ሳይነካው፥ ነጭና ሙሉ እንደ ሆነ ይነቃነቅና ይወድቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ድዱን ሳያክም በታመመ አፍ ውስጥ ሥር ለመትከል የሚቸኩል ሐኪም ክፍያውን እንጂ ታካሚውን አላየም። ሥርዓቱን የሚያውቀው ግን በቀጭን መለኪያ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ የድዱን ጥልቀት ይለካል፤ ከ3 ሚሊሜትር አልፎ ሲጠልቅና ሲደማ ባገኘው ቦታ፥ የደነደነውን ቆሻሻ ከድዱ በታች ሳይቀር ከሥሩ ይፍቃል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ድዱን ከፍቶ ያጸዳል። ከተከለም በኋላ ታካሚውን በየጊዜው እየጠራ በአዲሱ ሥር ዙሪያ ያንኑ መለኪያ መልሶ ያስገባል፤ ያ ጥርስ ቢታመም በጊዜው አይናገርምና።