ፊት የማን ነው?

ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ እኛ ሳናስብበት ያሰበልን ነገር ይኖራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ፎቶግራፍ «ወሰድኩ» ይላል። እኛ «አነሳሁ» እንላለን። ወሰደ ከተባለ የተወሰደበት ሰው አለ፤ ያ ሰው በነገሩ ውስጥ ድርሻ የለውም። በእኛ ግን አንሺው ሲያነሳ ተነሺውም ይነሳል። «ትናንት ፎቶ ተነሳሁ» ይላል እንጂ «ፎቶ ተወሰድኩ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ነገሩን ትንሽ ብንገፋው ደግሞ፣ ወድቆ ያገኘውን ዕቃ ያነሳ ሰው ባለቤቱን ፈልጎ መመለስ እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። የሰው ፊት ያነሳስ?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የአንዲት ተማሪ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ፎቶግራፍ የምትማር፣ የአሶሳ ልጅ ናት። ለመመረቂያዋ እንዲሆናት ክረምቱን አገሯ ገብታ ሰው ስታነሳ ከርማ፣ ያሳተመቻቸውን ፎቶግራፎች በሁለት ፖስታ ከፍላ አሳየችኝ። በአንደኛው ፖስታ ላይ «የሰው»፣ በሁለተኛው ላይ «የእኔ» ተብሎ ተጽፏል።

«የሰው» በተባለው ውስጥ ያሉት የከተማው ሰዎች ናቸው። ባጃጁን ተደግፎ የቆመ ወጣት፣ ማንጎ በሳፋ ደርድራ የምትሸጥ ልጅ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ያለ ልብስ ሰፊ፣ በደርግ ዘመን በሠፈራ ከወሎ መጥተው እዚያው ያረጁ አዛውንት። ሁሉም ሌንሱን ፊት ለፊት ያዩታል። በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጀርባ የሰውየው ስም በእርሳስ ሰፍሯል። ሁሉንም አስፈቅዳለች፤ ለሁሉም አንዳንድ ቅጂ ወስዳ ሰጥታለች።

«የእኔ» በተባለው ውስጥ ቤተሰቦቿ አሉ። አያቷ የበርታ ሴት ናቸው፤ በሁለቱም ጉንጮቻቸው ላይ በልጅነታቸው የተበጡ ሦስት ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። እናቷ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ የማሽላ ገንፎ ያገነፋሉ። በሌላው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በመጨረሻው ፎቶግራፍ ላይ አባቷ ወባ ጥሏቸው፣ ጋቢ ተደራርቦባቸው፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። በሥራ ጥራት ከመዘነው ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ብርሃኑ ከበሩ በኩል ገብቶ ግማሽ ፊታቸው ላይ ብቻ አርፏል።

«እሳቸውንስ አስፈቅደሻል?» አልኳት።

«አባቴ እኮ ነው!» አለችኝ። ጥያቄው ራሱ አስገርሟታል።

እስቲ በመጀመሪያው ፖስታ እንጀምር። ስም በእርሳስ መጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘውን የዚያን አገር ሰው እኛ የምናውቀው በምን መልኩ ነው? አንደኛ በካሌንደር ነው። በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ጫፍና ጫፍ ሸክሟን አመዛዝና የምትሄደውን የጉሙዝ ሴት ያላየ ማን አለ? ስሟን የሚያውቅስ? ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦች በዓል አሶሳ ላይ ሲከበር፣ በየዓመቱ በሌላውም ከተማ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ሰዎች የብሔረሰባቸው ናሙና ሆነው ነበር ካሜራ ፊት የቆሙት። ሁለተኛው በመከራ ነው። መተከል ውስጥ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሰው ሲገደልና ሲፈናቀል ያየናቸው ፊቶች «ተፈናቃዮች» ከመባል ያለፈ ስም አልነበራቸውም። ሦስተኛው ግድቡ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የጉባን ግድብ ከሰማይም ከምድርም አይተነዋል። ከኮንክሪቱ አጠገብ የሚኖረውን የጉባን ሰው ግን ስንቶቻችን አይተነዋል? እንግዲህ አንድ ልብስ ሰፊ ናሙናም ተፈናቃይም ሳይባል፣ ልብስ ሰፊና እገሌ ሆኖ ሲታይ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስም አለመጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ለማየት አሜሪካ ድረስ መሄድ ይቻላል። ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ አተር ለቀማ የመጣች አንዲት ችግረኛ እናት ከልጆቿ ጋር አነሳች። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። ላንግ የሴትየዋን ስም እንዳልጠየቀች ኋላ ራሷ ጽፋለች። ፎቶግራፉ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ መንግሥት ለሠፈሩ እህል ላከ፤ እህሉ ሲደርስ ግን ሴትየዋ ከነልጆቿ ሠፈሩን ለቅቃ ነበር። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን የሚለው ስሟ የታወቀው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1978 ነው። ያኔም የተናገረችው ምስጋና አልነበረም፤ ባላነሳችኝ ኖሮ ነው ያለችው። ፎቶግራፉ ሰው አልጠቀመም ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው ጠቅሟል። ሳይጠቅም የቀረው ባለፊቷን ነው።

ተማሪዋ ይህን ሁሉ ተምራዋለች፤ ለዚህም ነው ለባጃጁ ሾፌር የተጠነቀቀችው። ታዲያ አባቷ ጋ ስትደርስ ጥንቃቄው የት ሄደ?

እንደሚመስለኝ እንግዳን ሰው የሚጠብቀው ይሉኝታ ነው። የማላውቀውን ሰው ታሞ ተኝቶ ባገኘው ካሜራዬን ከኪሴ ማውጣት ያሳፍረኛል። በቤተሰብ መካከል ይህ አጥር የለም፤ መኖርም የለበትም፤ ቤት ቤት የሚሆነው አጥሩ ስለሌለ ነው። አባት ልጁ ፊት አፉን ከፍቶ የሚተኛው ስለሚያምናት ነው። የታመነችው ግን ልጅቱ ናት እንጂ ካሜራው አይደለም፤ ከካሜራው በኋላ የሚመጣው መምህር፣ ተመልካች፣ እኔም ጭምር፣ ማናችንም አልታመንም። በዚያ ላይ በእኛ አገር ልጅ በአባቷ ፊት ቀና ብላ የማትናገርበት ቤት ብዙ ነው፤ ካሜራ ስትይዝ ግን ጉልበቱ ወደ እሷ ይዞራል። ይህን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ፈረንሳዊው ሮላን ባርት እናቱ በ1977 ከሞቱበት በኋላ ስለ ፎቶግራፍ አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1980 ታተመ። እናቱን ፍለጋ የቆዩ ፎቶግራፎችን ሲያገላብጥ፣ እውነተኛ ማንነታቸውን ያገኘው ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ በተነሱት ላይ ነበር። መጽሐፉ በሌሎች ፎቶግራፎች የተሞላ ሲሆን ይህኛው ግን የለበትም። ለሌላ ሰው ተራ ፎቶግራፍ ነው፣ የሚያቆስለው እኔን ብቻ ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ምክንያት እጨምርለታለሁ፦ የሚያስፈቅዳቸው እናት አልነበሩትም። የእኛዋ ተማሪ አባት አሉ።

ተማሪዋ በዝምታ አልተቀበለችኝም። ያመጣችው መልስም እስካሁን እያሟገተኝ ነው። «ካስፈቀድኳት እናቴ አትገኝም» አለች። እውነቷን ነው። እናቷን ሲያስፈቅዷቸው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከሱዳን የመጣውን ቶባቸውን ከሣጥን አውጥተው ይለብሳሉ፤ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡና ሳቃቸው ይጠፋል። ያንንም አንስታዋለች፤ ፖስታው ውስጥ ግን አላስገባችውም። «ያቺ እናቴ አይደለችም» ትላለች።

እናትየዋስ ምን ይላሉ? የደጋው ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ሁለት ዓይኑን አድርጎ ፊት ለፊት፣ ኃጥኡን በጎኑ በአንድ ዓይን ይሥላል። ባማኮ ውስጥ በ1948 ፎቶ ቤት የከፈተው ሰይዱ ኬይታ ለደንበኞቹ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ቬስፓውን ሳይቀር ያውሳቸው ነበር፤ ሰው እንደ ምኞቱ ይነሳ ብሎ። የእኛም ሰው ካሜራ ፊት ድርቅ ሲል ደንግጦ ብቻ አይመስለኝም። እንዲህ ሆኜ ልታይ ማለቱ ነው። ገንፎ የምታገነፋዋ እናት እውነት ከሆነች፣ ቶብ የለበሰችውም እንድትታይ የመረጠችው እውነት ናት።

ለዚህ ምርጫ የሚተርፈው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ብዙ ወላጆቻችን ብቻቸውን የተነሱት አንድ ፎቶግራፍ ለመታወቂያ የተነሱት ጉርድ ፎቶ ነው። ሲሞቱ እሱው ጎልቶ ይታተምና በለቅሶው ይያዛል። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ፊቶች ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ለትምህርት ቤት ወይም ለመሥሪያ ቤት ብለው የተነሱ የሚመስሉ ስንት ወጣቶች አሉ! የት እንደሚሰቀሉ ማን ነገራቸው?

ስለዚህ ለተማሪዋ የነገርኳት ይህን ነው፦ ገንፎ የሚያገነፉትን እናት አታጥፊያት፤ መጀመሪያ ግን ለራሳቸው አሳያቸው፤ ቶብ የለበሱትን አጉልተሽ አሳትመሽ ቤታቸው ስቀይላቸው። የታመሙትን አባትሽን ግን እሳቸው እሺ ሳይሉ ለመምህርሽም አታቅርቢ፤ ነጥብ ቢቀነስብሽም። ቅር ብሏታል። ለዒድ ስትሄድ እንደምትጠይቃቸው ነግራኛለች፤ ምን ይሉ ይሆን?

አያትየዋ ግን ከሁላችንም ቀድመዋል። ልጅቱ ያሳተመችውን ስትሰጣቸው አገላብጠው አይተው፣ ይህን አዲስ አበባ ማን ነው የሚያየው ብለው ጠየቋት። አስተማሪዎች፣ ጓደኞች፣ ሌላም ሰው አለቻቸው። እንግዲያው ያዩኝን ሰዎች ስም ጽፈሽ አምጪልኝ አሏት። የእሳቸው ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በእርሳስ የሰፈሩት ስሞች ያኔ ዘጠኝ ደርሰው ነበር። እርሳሱን ተቀብዬ አሥረኛ አድርጌ የእኔን ጻፍኩ።