ቡፌው ላይ ያለው ብርጭቆ የማን ነው?

«ቡፌ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው። እዚያ መጀመሪያ የዕቃው ስም ነበር፤ ምግቡ ስሙን የወሰደው ከተቀመጠበት ዕቃ ነው። እኛ ሁለቱንም ተቀብለናል። ሠርግ ቤት «ቡፌ ክፍት ነው» ሲባል ሳህን ይዘን እንሰለፋለን። ሳሎን ያለው ቡፌ ጋ ስንጠጋ ግን «እንዳትነኩ!» እንባላለን። አንድ ቃል ነው፤ አንዱ እጃችሁን ዘርጉ ይላል፣ ሌላው ሰብስቡ።

ሸዋ ሮቢትና ይፋት ቆላ ውስጥ ማሾ ወይ ሽንኩርት የቀናው ቤት ሳሎኑን ሲያደራጅ ቡፌ ይገባል። አንዳንዱ ባለመስታወት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ፈረንሳዮች «ኤታዤር» የሚሉት ዓይነት፣ መዝጊያ የሌለው ባለደርብ መደርደሪያ። (ቃሉ ራሱ የመጣው «ኤታዥ» ከሚለው ነው፤ ደርብ ወይም ፎቅ ማለት ነው።) ዳንቴል ይነጠፍበታል፣ የምረቃ ፎቶ ይቆምበታል፣ የእንግዳ ብርጭቆ ይደረደርበታል። የቤቱ ልጆች የሚጠጡት በፕላስቲክ ኩባያ ነው።

የኛ ትውልድ ይሄን ቶሎ «ጉራ» ይለዋል። እኔ አልቸኩልም። ጥሩውን ዕቃ ለራስ ሳይሉ ለሚመጣ ሰው ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ እንግዳ የሚባለው ማነው? በዚያ ሐሩር ሽንኩርት ሲለቅም የዋለ የቀን ሠራተኛ ውሃ ቢለምን በየትኛው ይቀዳለታል? ለዘመድና ለሹም የሚወርደው ብርጭቆ ለሱ ካልወረደ፣ ስንጠብቀው የኖርነው እንግዳውን ሳይሆን ደረጃውን ነው።

ጥያቄው የሳሎን ብቻ አይደለም። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ቡፌ ደግሞ ተሸክመውት የሚሸሹት ዕቃ አይደለም። ትናንት ብርጭቆ አውርዶ ያስተናግድ የነበረ ሰው ደብረ ብርሃን ሲደርስ «ተፈናቃይ» ተባለ። ቃሉ ለመዝገብ ያስፈልግ ይሆናል። ግን አንዴ ተፈናቃይ ከተባለ በኋላ እንግዳ መሆኑ ይረሳል፤ ብርድ ልብስና ዱቄት ይሰጠዋል እንጂ «እስቲ ተቀመጥ፣ ቡና ይፈላል» የሚለው ሰው ያንሳል። ርዳታውን አላጣጥልም፣ ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ እጁ ላይ ያረፈው ሲኒ ከየት እንደወረደ የተቀባዩ ዓይን ያውቃል።

«አገር እንዲህ ሆኖ ስለ ብርጭቆ ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ከተመለሱት መካከል ገና ጣሪያው ሳይጠገን ስድስት ብርጭቆ የሚገዛ ሰው ሲያይም ይኸው ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም። ስድስቱን የሚገዛው ለራሱ ጥማት አይደለም፤ ለራሱማ አንድ ይበቃዋል።