የተሰበረውም ይቆጠራል

ሰው ሆዱን ለመሙላት ሲያደርገው የኖረውን ነገር ለመጫወቻ ሲያደርገው መብቱ እንደ ቀድሞው ይቆያል ወይስ ይለወጣል? ይህ ጥያቄ የመጣብኝ በንባብ አይደለም። የመጣብኝ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ እጄን እስከ ክርኔ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ሳለሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ልጠይቅ ወደ ሲያትል ሄጄ ነበር። ከተማዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ናትና እንግድነቱ እምብዛም አልከበደኝም። የአክስቴ ባል፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ በአንድ የሚያዝያ ሌሊት ቀስቅሰው መኪና ውስጥ ከተቱኝና ከረዥም ጉዞ በኋላ ኮፓሊስ ከሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ አደረሱኝ። ጎሕ ሲቀድ ያየሁት ሕዝብ የንግሥ በዓል ያህል ነበር። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ እናት ከነልጆቿ፣ ሁሉም አካፋና ባልዲ አንጠልጥሎ የሸሸውን ባሕር ይከተላል። ተርቦ የመጣ አልነበረም፤ ሁሉም ስንቁንና ትኩስ ቡናውን ይዟል።

የሚፈለገው ክላም የሚሉት፣ በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖር ለስላሳ እንስሳ ነው። የዚያ ጠረፍ ዓይነቱ ቅርፊቱ ረዥም፣ ስስና ስለታም ስለሆነ ስሙን ከምላጭ ወስደውለታል። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ያለበትን የምታሳብቅበት ሳንቲም የምታህል ጎድጓዳ ምልክት ብቻ ናት። ወደ ጎን መሸሽ አያውቅም፤ ወደ ታች ግን ያስደንቃል። እግሩን ወደ ጥልቁ ይሰድዳል፣ ጫፉን አሳብጦ እንደ መልሕቅ ይተክላል፣ ከዚያ ገላውን ይስባል፤ ደግሞም ይሰድዳል። ቆፋሪው አንድ ሁለቴ አካፋውን እስኪሰነዝር ድረስ እሱ ርቆ ይገኛል። የጨዋታው ደስታ ያለው በዚህ እሽቅድምድም ውስጥ ነው፤ እኔም ደስታው አልተሰማኝም ብል ሐሰት ይሆንብኛል።

ጋሼ አካፋውን ከመስጠታቸው በፊት ደንቡን ነገሩኝ። ለዚህ ቁፋሮ ፈቃድ ይወጣል። አንድ ሰው በቀን የሚፈቀድለት በተለመደው ደንብ 15 ነው፤ ባልዲውም የየራሱ ነው፤ ጎበዙ ለሰነፉ ልሙላለት ቢል አይፈቀድለትም። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚገምተው ሕግ ነው። የገረመኝ የሚቀጥለው ነው፤ 15ቱ መጀመሪያ የወጡት 15 መሆን አለባቸው፤ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ደህና ይሁን የተሰባበረ። ማማረጥ የለም። «የሰበርከውንም ትይዘዋለህ፤ ያንተ ነው» አሉኝ።

ሦስተኛው ላይ አካፋዬ ዛጎሉን ለሁለት ከፈለው። ያወጣሁት አሸዋና ሥጋ የተለወሰበት፣ ለዓይን የሚያስቀይም ነገር ነበር። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን ጉድጓድ ያያል። መልሼ ከተትኩት፣ አሸዋውን በጫማዬ ገፋሁበት፣ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብዬ ቁፋሮዬን ቀጠልኩ።

ምን አጠፋሁ? በዚያች ቅጽበት ለራሴ የሰጠሁት መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ ያልወሰድኩት ነገር አይቆጠርብኝም። ባልዲዬ ውስጥ የለም፤ አልበላውም፤ አልጠቀምበትም፤ እንግዲህ የማን ዕዳ ነው? አንባቢ ሆይ፣ ይህ ክርክር ሲሰሙት ሞኝነት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን ኑሯችንን የምናሰላው በዚሁ ሒሳብ ነው። ያገኘነውን እንቆጥራለን፤ ስናገኝ ያበላሸነውን ግን መንገድ ላይ የወደቀ እንላለን። ደንቡ የሚቆጥረው በተቃራኒው ነው። የሚጠይቀው ሰውየው ስንት አገኘ ብሎ ሳይሆን ዳርቻው ስንት አጣ ብሎ ነው። ተሰብሮ ወይም ገና በጨቅላነቱ ወጥቶ መልሶ የሚቀበር የምላጭ ክላም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንዲሉ፣ መመለሴ መመለስ አልነበረም፤ መደበቅ ነበር።

በደንቡ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ንቀን ልናልፈው አይገባም። ለጀማሪው ይከብዳል። የለመደው ሰው 15 ሙሉ ይዞ ሲመለስ፣ እንደኔ ያለው እጀ ከባድ 15 ስብርባሪ ተሸክሞ ይሄዳል። ሳያውቅ ያጠፋውን አውቆ ካጠፋው እኩል መቁጠር ፍትሕ ነውን? ለቅጣት ቢሆን ኖሮ አይደለም እላለሁ፤ በቅጣት ጊዜ ልብ ይመረመራልና። ይህ ግን ቅጣት አይደለም፣ ቆጠራ ነው። ማንም ክፉ ነህ አላለኝም፤ የተባልኩት «ሦስተኛህ ይህ ነው» ብቻ ነው። እኔ ግን ቆጠራውን እንደ ክስ ሰማሁትና ሸሸሁ።

በዚያው ግዛት ውስጥ፣ ከውቅያኖሱ ገባ ባለው የፒዩጄት ሳውንድ ባሕር ዳር ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። እዚያ የሚቆፈሩት ቅርፊታቸው ወፍራም የሆኑ ሌሎች የክላም ዓይነቶች ናቸው። ከመጠን ያነሰው ይመለሳል፤ ቆፋሪውም ከመሄዱ በፊት ጉድጓዱን መድፈን አለበት፤ የተከመረው አፈር በአጠገቡ ያሉትን አፍኖ ይገድላልና። በውቅያኖሱ ዳርቻ ግን ማዕበሉ ራሱ ይደፍነዋል። እዚህ «መልስ» ይባላል፣ እዚያ «አትመልስ»። ሁለቱን ትእዛዞች ጎን ለጎን ሳያቸው የሚጋጩ አልመሰሉኝም። ሁለቱም የሚነሱት ከፍጥረቱ እንጂ ከቆፋሪው ምቾት አይደለም፤ አንደኛው ቢመለስ ይኖራል፣ ሌላው አይኖርም።

አሁን ወደ መነሻዬ ልመለስ። ጋሼ ይህን እንስሳ አይበሉም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት አለመብላት በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ለዚያውም ወቅቱ የዐቢይ ጾም ነበር። ታዲያ ለምን ይቆፍራሉ? ጠየቅኋቸው። ለጎረቤታቸው እንደሚሰጡና ባሕሩን ማየት እንደሚወዱ ነገሩኝ። ስጦታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ስጦታ ለደስታችን የምናለብሰው ልብስ ሊሆንም ይችላል። ካንት ለእንስሳ ርኅራኄ ማጣት ክፋቱ ወደ ሰው የሚሻገር ልማድ መሆኑ ነው የሚል አሳብ ነበረው። እኔን አያረካኝም። የቀበርኩት ክላም ሕመም ይሰማው አይሰማው አላውቅም፤ አንጎል የለውም። ይሁን እንጂ ሲሸሽ አይቼዋለሁ። መሸሹ የእኔን ጠባይ ለማረም የተሰጠ ትምህርት አልነበረም፤ የራሱ ጉዳይ ነበር።

መልቀሙ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በኤርትራ ጠረፍ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ አብዱር በተባለው ስፍራ 125,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ከባሕር ዛጎሎች ጋር ተገኝተው፣ ግኝቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ተመራማሪዎቹ የዚያ ዘመን ሰዎች የባሕር ምግብ ይለቅሙ እንደ ነበር ገምተዋል። በዛንዚባር ዛሬም ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶች ዛጎል ለመልቀም ይወርዳሉ፤ ለእነርሱ እራት ነው። እኛ በቆምንበት ጠረፍ ደግሞ ክዊኖልት የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች አሉ፤ ክላሙ ከመዝናኛነት አስቀድሞ የእነርሱ ምግብና ንግድ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. አንድ የፌዴራል ዳኛ በዋሽንግተን ግዛት የቃል ኪዳን ውል ያላቸው ነባር ሕዝቦች በጥንት ማጥመጃ ስፍራቸው ሊለቀም ከሚችለው ዛጎል ለባስ እንስሳ እኩሌታው እንደሚገባቸው ፈርዷል። ስለዚህ የእኔ ሦስተኛ ከባሕሩ ብቻ አልጎደለም፤ ለሌላ ሰው ድርሻ ከሚሰላበት ቋት ጭምር እንጂ።

ባሕሩም የሚከለክልበት ጊዜ አለው። በ1991 እ.ኤ.አ. በዚያ ጠረፍ ክላሞች ውስጥ ዶሞይክ አሲድ የተባለ፣ ከጥቃቅን የባሕር ዋቅላሚዎች የሚመጣ መርዝ ተገኘ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብዙ ሆኖ በመምጣቱ ቁፋሮው ተዘጋ። ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ቁፋሮ ከመፈቀዱ በፊት ናሙና የሚመረመረው ስለዚህ ነው።

ማዕበሉ ሲመለስ ጋሼ ወደ ባልዲዬ ጎንበስ ብለው፣ «ስንት አደረስክ?» አሉኝ።

«15» አልኳቸው። በባልዲው ውስጥ ያለው በእርግጥ 15 ነበር። እሳቸው ከላይ ያለውን አንድ በጣታቸው ገልበጥ አድርገው፣ «አንድም አልሰበርክም? ለጀማሪ እጅህ ለስላሳ ነው» ብለው ደስ አላቸው። የእሳቸውን ባልዲ አየሁት። ሁለቱ የተሰነጠቁ ነበሩ፣ አንዱ የጣት ቁመት እንኳ አይሞላም።

ቀና ብዬ የቀበርኩበትን ቦታ በዓይኔ ፈለግሁት። ውሃው ደርሶበት ነበር፤ የቱ ጋ እንደ ሆነ መለየት አልቻልኩም። መኪናው ውስጥ ገብተን ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «ጋሼ፣ 16 ነው» አልኳቸው። ወዲያው አልመለሱልኝም። ቆይተው፣ «ሦስተኛው ላይ ነው አይደል?» አሉና ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ መንዳታቸውን ቀጠሉ።