የሰውነት ለውጥ ያሳፍራልን?

ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ በጉባኤ መካከል ተነሥቶ የማያውቅ፣ በሹክሹክታ ግን ዘወትር የሚነሣ ነው። ይኸውም፦ ሰው ራሱ ባልመረጠው የሰውነት ለውጥ ሊያፍር ይገባዋልን? የሚል ነው።

ጥያቄውን ያመጣው በመካከላችን የሆነ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ታናሽ እህታችን አንድ እሑድ ወደ ቅዳሴ ሳትገባ ከውጭ ከዛፉ ሥር ቆማ አስቀደሰች። ከእኛ ከወንዶቹ አንዳንዶቻችን እየተጠቃቀስን ሳቅን። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ቀን ቆጥረን «ዛሬም ከዛፉ ሥር ናት» ተባባልን። እርሷም ሰማች። ከዚያ ወዲህ ወደ መዝሙር ጥናት አልመጣችም። እናቷ ሲጠየቁ «ትምህርት በዝቶባት ነው» አሉ። እኛ ግን ምክንያቱን እናውቃለን።

በወር አበባ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት ያለውን ሥርዓት ለመተቸት አልተነሣንም፤ እርሱ የአባቶች ጉዳይ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ እርሷን ከውጭ ቁሚ ሲል እኛን ቀን ቁጠሩ፣ ሳቁም አላለንም። እርሷ ከውጭ የቆመችው ሥርዓት አክብራ ነው። ሥርዓት ያፈረስነው ወደ ውስጥ የገባነው ነን።

በመሠረቱ የሆነው ነገር ምንድን ነው? ከአንጎላችን ሥር ያለች፣ የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ ጊዜው ሲደርስ ለሰውነት መልእክት ትልካለች። ለውጡ በሴቶች ልጆች ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ልጆች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። እያደር የእርሷ የወር አበባ ይመጣል፤ የእኛም ድምፅ ይጎረንናል፣ ጢማችን ያጎነቁላል። መልእክቱን ለሁለታችንም የምትልከው ያችው ዕጢ ናት። ታዲያ ወንድ ልጅ ጢም ሲያወጣ «ጎረመሰ፣ እሰይ» እየተባለ፣ ሴት ልጅ ስትደርስ ቤቱ በሥጋት የሚሞላው ስለ ምንድን ነው?

ከዚሁ ጋር ለሌላው ጾታ ያለን ስሜት ይነቃል። ስለዚህ ነገር ያስተማረን ሰው የለም። የሰማነው ከጓደኛ ወሬና ከስልክ ነው። ስለዚህ የማናውቀውን ነገር በሳቅ ሸፈንነው። ስሜት መምጣቱ ጥፋት አይደለም፤ በስሜት ተነሥተን በሰው ላይ የምናደርገው ግን ከእኛ እጅ ይጠየቃል።

«ሳቅ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። የልጃገረድ ሰውነት ሲለወጥ ጉዳዩ የእርሷ መሆኑ ቀርቶ የሌላ ሰው ይሆናል የሚለው አስተሳሰብ ግን ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ሳቃችንም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንዱ ለማግባት 18 ዓመት እስኪሞላው እንዲጠብቅ ሲያዝ፣ ሴቲቱ ግን በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ካገባት ከክስ የሚድንበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻውን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። ሰውነት ደረሰ ማለት ሰው ለትዳር ደረሰ ማለት አይደለም። ሕጉ ይህን አውቆ ተለወጠ። የእኛ ሳቅ ግን ገና አልተለወጠም።

አንዳንድ ታላላቆቻችን «ይህ ነገር አይወራም፤ ዝምታ ጨዋነት ነው» ይሉናል። በቃላቸው እውነት አለበት፤ የሰው ገመና በአደባባይ አይዘረዘርም። ዳሩ ግን እኛ መቼ ዝም አልን? ዝም ያልነው ለመማማር ሲሆን ነው፤ ለፌዝ ሲሆን አፋችን ክፍት ነበር። ከጉደር፣ ከጊንጪና ከጌዶ ገጠሮች ለትምህርት መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ልጃገረዶች አሉ። እናት በአጠገባቸው የለችም። ሁሉም ዝም ካለ ማን ይንገራቸው?

ደግሞም አገራችን ስለ ዕድሜ ደረጃ ዝም ያለች አገር አይደለችም። አምቦና አካባቢው የሜጫ ኦሮሞ አገር ነው። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከሰው ልጅ ቅርስ መካከል የመዘገበው የገዳ ሥርዓት የወንዱን ዕድሜ በ8 በ8 ዓመት እርከን ከፍሎ፣ ለየእርከኑ ተግባርና ክብር ይሰጣል። ሴቲቱም በምትዳርበት ቀን ከእናቷ እጅ ሲንቄ የተባለውን በትር ትቀበላለች። በአንዲቱ ላይ በደል ሲደርስ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ የተጣላም ሲኖር በመካከል ገብተው ያስታርቃሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሲንቄ ገና ያልተቀበለችው የ13 ዓመት ልጅ በምን ትከበር? ክብር ከጋብቻ ጋር የሚመጣ ከሆነ ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት ባዶ ሊሆኑ ነው። እኛ እንደሚመስለን ክብሯ ከልደቷ ጀምሮ ያለ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ቀኑ ቢለያይም የሚወጡበት ጥምቀት አንድ ነው።

ይህን የተረዱ ወገኖች አሉን። በአሜሪካ ኬሚካል ምሕንድስና የተማሩት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ማርያም ሰባ በተባለው የመቀሌ ፋብሪካቸው፣ እየታጠበ በተደጋጋሚ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ አመረቱ። ሲ.ኤን.ኤን. የተባለው የዜና ድርጅትም በ2012 ዓ.ም. የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸለማቸው። እኛን የነካን ግን ሌላው ሥራቸው ነው። ወደ ት/ቤቶች ሲሄዱ ሴቶቹን ብቻ ሳይሆን ወንዶቹንም ያስተምሩ ነበር። ልጅቱ መጠበቂያ ቢኖራትም ወንዱ ከሳቀባት ከቤት መቅረቷ እንደማይቀር አውቀዋልና።

ነገሩ በወጣትነት አያበቃም። ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ የሴት የወር አበባ ይቆማል። በዚያን ጊዜ ድንገተኛ ሙቀትና እንቅልፍ ማጣት ይደርስባታል። እናቶቻችን በትንሹ ሲቆጡ «ጠባያቸው ተለወጠ» እንላለን፤ ሌሊቱን በላብ ተጠምቀው እንዳደሩ ግን አንጠይቅም። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ሌላ ሊያገቡ ነው ሲባል ደግሞ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» እያልን እንሳለቃለን። ሌሊት ውኃ የሚያቀብላቸው እንኳ እንደሌለ አናስብም። ይህም ሳቅ በዛፉ ሥር ላይ የሳቅነው ያው ሳቅ ነው።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ለውጡን ማንም አልመረጠውም፤ ስለዚህ አያሳፍርም። ሳቁን ግን መርጠነዋል። የሚያሳፍረው እርሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሆነን ከአንዲት ታላቅ እህት ጋር፣ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ወዳለው ቤቷ ሄድን። እናቷ ቡና አፈሉልን። ይቅርታ ልንጠይቅ የተዘጋጀነው ቃል ግን ጠፋን፤ እንዲያው «ጥናት ላይ ቦታሽ አለ» ብለን ወጣን። ቀና ብላ አላየችንም። ያን ጊዜ ያፈርነው እኛ ነን፤ የሚገባውም ይኸው ነበር።

ወንድሞችና እህቶች! በሚመጣው ወር ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ጋብዘን ወንዱም ሴቱም በአንድነት እንዲማር ለሥራ አመራሩ ጠይቀናል። ወንዶች እንዳትቀሩ አደራ እንላለን። እስከዚያው ድረስ በመዝሙር ጥናቱ ሁለተኛ መስመር ላይ ያለው ቦታ የእርሷ ነው፤ ማንም አይቀመጥበት።