መልክ፣ ግብር እና ቁስ፦ ስላገለገለ ዕቃ የተሰጠ ምክር

ልጆቼ ሆይ፤ ፈጣሪ ለሰው ልጅ ከሰጠው ሀብት አንዱ ነገርን ከነገር ለይቶ የሚያውቅ ልቡና ስለሆነ፣ ዛሬ በየአፉ በአንድ ስም ሲጠሩ የምንሰማቸውን፣ በባሕርያቸው ግን የተለያዩትን ሦስት ሥራዎች፣ ይኸውም ያገለገለን ዕቃ ደግሞ መጠቀምን፣ ለሌላ ግብር ማዋልንና አፍርሶ እንደገና መሥራትን፣ በየማዕረጋቸው ለይታችሁ ታውቁ ዘንድ ይህን ጻፍሁላችሁ።

ማንኛውም የቤት ዕቃ በሦስት ነገር ይቆማል፤ እነዚህም የተሠራበት ቁስ፣ የእጅ ጥበብ የሰጠው መልክና የተሠራለት ግብር ናቸው። ደግሞ መጠቀም ሦስቱንም ያቆያል፤ ለሌላ ግብር ማዋል መልኩን እንዳለ ወይም በጥቂቱ አስተካክሎ ግብሩን ይለውጣል፤ አፍርሶ መሥራት ግን መልኩንም ግብሩንም አጥፍቶ ቁሱን ብቻ ያድናል። እንግዲህ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው በወረድን መጠን፣ ቀድሞ የደከመበት ሰው ልፋት እየጠፋ፣ አዲስ የሚፈለገውም እሳትና ጉልበት እየጨመረ ይሄዳል።

የለስላሳ ጠርሙስ ከነሳጥኑ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ፣ ታጥቦና ዳግመኛ ተሞልቶ ወደ ሱቅ ሲመጣ፣ የታላቅ ወንድም ልብስ ለታናሹ ሲደርስ፣ የተቀደደ ጫማም በጫማ ሰፊ እጅ ተጠግኖ ሌላ ክረምት ሲሻገር፣ ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ማዕረግ ነው፤ መጠገንን ነውር አድርጎ የሚቈጥር ወጣት የዕቃውን ዕድሜ በገዛ እጁ ያሳጥራል።

ሁለተኛው ማዕረግ የብልሃት ነው። የወደቀ የመኪና ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ሲሆን፣ ባዶ ጣሳ ክር ገብቶለት ኩራዝ ሲሆን፣ በመርካቶም ምናለሽ ተራ ያሉ ባለ እጆች የዘይት በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃ ሲያወጡ፣ ቁሱ ሳይቀልጥ አዲስ ግብር ያገኛል። የጥንት ጸሐፊዎቻችንና ደጓሾቻችንም ከፈረሰ መጽሐፍ የተረፈውን ብራና ለሌላው መጽሐፍ መጠበቂያ ቅጠል ያደርጉት ነበርና፣ ይህ ጥበብ ከድህነት ብቻ የተወለደ አይደለም፤ የድካምን ዋጋ ከማወቅም ነው። ሆኖም ብልሃት ያለ ጥንቃቄ ጥፋት ይሆናልና ይህን አትርሱ፤ ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃም ሆነ ለምግብ ዘይት ከቶ አይሆንም።

ሦስተኛው ማዕረግ እሳትና ፋብሪካ የሚሻ ነው። ቆራሌው ከየደጁ የሰበሰበው ብረት ወደ ማቅለጫ ገብቶ የቤት መሥሪያ ፌሮ ይሆናል፤ አሉሚኒየምን ከአሮጌ ዕቃ ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚጠይቀው ኃይል ከ100 እጅ 5 እጅ ያህሉን ብቻ ስለሚፈልግ ትርፉ ታላቅ ነው፤ ብርጭቆም ደጋግሞ ቢቀልጥ ባሕርዩን አይለቅም። ወረቀት ግን እንደገና በተሠራ ቍጥር ቃጫው እያጠረ፣ ፕላስቲክም እየደከመ ስለሚሄድ፣ ቁስ ሁሉ ለዘላለም ይታደሳል ብላችሁ አትታለሉ።

ይህን ማዕረግ ባልነቅፍም፣ ስለ አንድ ነገር አስጠነቅቃችኋለሁ። «ኋላ ቆራሌው ይወስደዋል» እያለ የማያስፈልገውን ሁሉ የሚሸምት ሰው፣ ኋላ ንስሐ እገባለሁ ብሎ አስቀድሞ ኃጢአትን እንደሚያቅድ ሰው ነው። የምንጥለው ነገር ከዓይናችን ይርቃል እንጂ ከምድር አይጠፋም፤ በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ቍልል ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን በቀበረ ጊዜ፣ ከተማው ሁሉ የጣለው ጥራጊ በአንድ ሰፈር ድኆች ላይ ወደቀ። በወንጌልም እንደምናነበው፣ በ5 እንጀራና በ2 ዓሣ ሕዝብን ያጠገበው ጌታ፣ ዳግመኛ ማበርከት የሚሳነው ሳይሆን፣ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ እንግዲህ የማብዛት ሥልጣን ያልተሰጠን እኛ ትርፉን ብንንቅ ምን መልስ እንሰጣለን?

ስለዚህ አንድ ዕቃ ከእጃችሁ ሊወጣ ሲል በተራ ጠይቁ፤ አስቀድማችሁ «በተሠራለት ግብር እኔን ወይም ሌላውን ሰው ገና ያገለግላልን?»፣ ቀጥሎ «ያለ ጉዳት ለሌላ ግብር ይሆናልን?»፣ ሁለቱም ባይሆን «ቁሱን የሚያቀልጥ ባለሙያ አለን?» በሉ። ቆራሌውንና ልዋጭ ባዩንም ሲጣሩ በንቀት አትመልሱአቸው፤ ብረቱን ከጨርቁ፣ ጠርሙሱን ከወረቀቱ ለይታችሁ በክብር ስጡአቸው፤ ለእናንተ የጥቂት ደቂቃ ሥራ የሆነው ለእነርሱ የቀን እንጀራ ነውና። ከሦስቱ ጥያቄ የሚቀድመው ግን በሱቅ ደጃፍ ላይ የሚጠየቀው «ይህ በእውነት ያስፈልገኛልን?» የሚለው ነው፤ ይህን በቅንነት የመለሰ ሰው የቀሩት ሦስቱ ይቀልሉለታል።