ማጣሪያው ተቆርጦ ጭሱ የት ሊሄድ?

ተቀመጥ ልጄ፤ ቡናው እስኪፈላ ላነጋግርህ። ትናንት ደውለህ «አባባ፣ ጋራዡ የመኪናዬን ፊልተር ቆርጦ ባዶ ቱቦ ይበይድልኛል፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱንም በኮምፒውተር ያጠፋልኛል፣ ከዚያ አርፋለሁ» ስትለኝ በስልክ መጣላት ስላልፈለግሁ ዝም አልኩህ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የአዲሱ ፊልተር ዋጋ እንዳስደነገጠህ አውቃለሁ። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ያ ብርቱካንማ መብራት ሕመሙን የሚነግርህ መልእክተኛ ነው፤ አንተ አፉን ልትለጉም ነው። የናፍጣ መኪና ማጣሪያ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ነው። ጥቀርሻውን ይይዝና እስከ 600 ዲግሪ ሲግል ያቃጥለዋል። ለመጋል ደግሞ መኪናው ሳይቆራረጥ መሮጥ አለበት። አንተ ጠዋት ልጁን መዋዕለ ሕፃናት አድርሰህ፣ ከዮሴፍታል ቂርያት አርዬ ድረስ በየትራፊክ መብራቱ እየቆምክ ትሄዳለህ፤ ማታም እንደዚያው። ታዲያ በምን ይግላል? ዕቃውን አትውቀሰው።

«ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ፣ ለቴስት ቀን መልሼ አስገጥመዋለሁ» አልክ ደግሞ። ትልልቆቹ ቀድመውሃል። ፎልክስቫገን 11 ሚሊዮን በሚሆኑ መኪኖች ውስጥ ፈተና ላይ መሆኑን የሚለይ ፕሮግራም ደብቆ፣ ሲፈተሽ ንጹሕ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን መርዝ የሚተፋ መኪና ሲሸጥ ኖረ። በ2015 አሜሪካኖች አጋለጡት። ያ ሁሉ መሐንዲስ ያልሸሸገውን አንተ በብየዳ ልትሸሽገው?

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው ነገሩ። አሁን ታጥቦ የሚድነውን ትጥለውና ቴስት ሲጥልህ አዲስ ትገዛለህ። ልሽጠው ብትልም ገዢው ወደ መኪና ምርመራ ማዕከል ወስዶ ከሥር ያስፈትሸዋል፤ ባዶዋን ቱቦ ያኔ ምን ትላታለህ?

ገንዘቡ ይቅር። እናንተ የጎጆ ጭስ አታውቁም። እኔ ጎንደር ሳድግ እናቴ ምድጃ ሥር ዓይኗ ቀልቶ ስትስል አይቻለሁ። ያ ጭስ ግን ያስለቅስሃል፣ በር ከፍተህ ትወጣለህ። ፊልተሩ ሲቆረጥ የሚያመልጠው ደቃቅ ጥቀርሻ ግን ለዓይን አይታይም፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣን ጭስ በ2012 ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል። እስቲ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቆመህ ተመልከት፦ የመኪናው ጭስ መውጫ ዝቅ ያለ ነው፤ ለሕፃን ጋሪ ቅርብ ነው። አንተ ደግሞ ልጅህን ስትጠብቅ ሞተር አታጠፋም፤ ብዙ ጊዜ አይቼሃለሁ።

ዛሬ ማታ መንገዱ ሲቀል መኪናውን ይዘህ ና። በሰጉላ በኩል 40 ቁጥር መንገድ ገብተን እስከ ሎድ ደርሰን እንመለሳለን፤ ምናልባት ጥቀርሻው ይነድለታል። መብራቱ አልጠፋ ካለ ነገ አውልቀው ወደሚያጥቡ ሰዎች እንወስደዋለን። የክፍያው እኩሌታ በእኔ ነው።