«ምረጡኝ» ማለት ነውር ነውን?

በኢትዮጵያ በወላጆች ስብሰባ ላይ የኮሚቴ አባል ሲመረጥ የሚታየው ሥርዓት የታወቀ ነው። ሰብሳቢው «ጥቆማ እንቀበላለን» ይላል። ከወዲያ ጥግ አንዱ እጁን አውጥቶ የጎረቤቱን ስም ይጠራል። ተጠቋሚው ብድግ ብሎ ሥራ እንደሚበዛበት፣ ጤናው እንደማይፈቅድለት፣ ከእርሱ የሚሻሉ ሰዎች በአዳራሹ እንዳሉ ይናገራል። ጉባኤው «ይችላል! ይችላል!» ይላል፤ እጅ ይቆጠራል፤ ሰውየው ኮሚቴ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል «እኔ ለዚህ ሥራ እሆናለሁና ምረጡኝ» ብሎ የሚነሣ ቢገኝ አዳራሹ ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። «ምን ፈልጎ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከችሎታው ጥያቄ ይቀድማል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባወረሰ ኅብረተሰብ ውስጥ ሹመትን በገዛ አፉ የጠየቀ ሰው መጠርጠሩ አያስደንቅም።

ይኸው ወላጅ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበትና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ ጭምር በሚያወጣበት በሞንትጎመሪ አውራጃ ሲኖር ነገሩ ተገልብጦ ያገኘዋል። የአውራጃው የትምህርት ቦርድ በሕዝብ ለአራት ዓመት የሚመረጡ 7 አባላት አሉት። በድምፅ መስጫው ላይ ከስማቸው ጎን የፓርቲ ስም አይጻፍም። ወንበሩን የሚሻ ሰው ራሱ ወደ ምርጫ ጽሕፈት ቤት ሄዶ በራሱ ስም የዕጩነት ወረቀት ይሞላል። ወረቀቱ «ማን ጠቆመህ?» ብሎ አይጠይቅም። በአንዱ አዳራሽ ነውር የሆነው በሌላው የሕግ ግዴታ ነው ማለት ነው። ነገሩ የልማድ ልዩነት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሆኖም ከሁለቱ ልማዶች የሰውን ምኞት በይበልጥ የሚያውቀው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የይሉኝታ ወገን ጠንካራ መከራከሪያ አለው። ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ክፍል፣ ደጋግ ሰዎች ለገንዘብም ሆነ ለክብር ሲሉ ሥልጣን እንደማይዙ፣ የሚያስገድዳቸው ቅጣት እንደሆነና ቅጣቱም ከእነርሱ በሚያንስ ሰው መገዛት እንደሆነ ሶቅራጥስን ያናግረዋል። በቤተ ክርስቲያን ታሪክም ከጵጵስና የሸሹ አባቶች በሸሹበት ሲመሰገኑ ኖረዋል። እንግዲህ ሥልጣን ፈላጊን መጠርጠር ኋላ ቀርነት ነው የሚል ሰው ካለ ብዙ አላሰበበትም።

ዳሩ ግን በአዳራሹ ውስጥ «አልችልም» የሚለውን ሰው ጠጋ ብሎ ለተመለከተው፣ አብዛኛውን ጊዜ እምቢታው እንደማይጸና ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቁታል። ጠቋሚው ወዳጁ ነው፤ አንዳንዴም ከስብሰባው በፊት ተነጋግረውበታል። ምኞቱ አልጠፋም፤ ነጠላውን ተከናንቦ ተቀምጧል። የባሰው ደግሞ፣ ይህ ሰው ከምርጫው በፊት ምንም ስላልተናገረ በኋላ የሚጠየቅበት ቃል የለውም። ጣሪያው ቢያፈስ፣ መጽሐፉ ለልጆች ባይዳረስ፣ «እናንተ ናችሁ ያስገደዳችሁኝ» ለማለት በሩ ክፍት ነው። «ምረጡኝ» ያለ ሰው ግን ለምን እንደሚመረጥ መናገሩ አይቀርለትም፤ የተናገረውም ነገ የሚለካበት ክንድ ይሆናል። ይሉኝታ ትሕትናን ሊያስጌጥ ይችል ይሆናል፤ ተጠያቂነትን ግን አይወልድም።

ወንበሩ ራሱ ትንሽ ነው። በ1647 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት 50 አባወራ ያለው ከተማ ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ሰው እንዲቀጥር፣ 100 የሞላውም የሰዋስው ትምህርት ቤት እንዲያቆም በሕግ ደነገገ። የልጆች ትምህርት የአካባቢው ሕዝብ ኃላፊነት ነው የሚለው የአሜሪካኖች ልማድ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ዛሬ በአገሪቱ ከ13,000 የሚበልጡ የትምህርት አስተዳደር ክልሎች አሉ፤ በአብዛኞቹ ቦርዱ የሚመረጠው በሕዝብ ነው። ቦርዱ ዋናውን የትምህርት ኃላፊ ይቀጥራል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የየትኛው መንገድ ልጆች ወደየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ወሰን ያሰምራል። ይህች የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች።

ጂሚ ካርተር ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በ1955፣ በጆርጂያ ግዛት የሰምተር አውራጃ የትምህርት ቦርድ አባል ነበሩ። ወንበሩን ያገኙት በሹመት ነው፤ «ምረጡኝ» አላሉም። የነጮች ልጆች በአውቶቡስ ሲጓዙ የጥቁሮች ልጆች በእግራቸው እንደሚሄዱ ልብ ያሉት በቦርዱ ውስጥ ወራት ከቆዩ በኋላ መሆኑን ራሳቸው በጻፉት መጽሐፍ ገልጸዋል። ልጆቹ በየማለዳው በዚያው መንገድ ዳር ይሄዱ ነበር። ሥልጣንን ያለመሻት ብቻውን ዓይንን አያበራም። ድምፅ ለመጠየቅ ቤት ለቤት የዞረ ሰው ቢያንስ መንገዱን በእግሩ ያየዋል የሚል ይኖራል። በዚያን ጊዜው ጆርጂያ ግን የምርጫ ተወዳዳሪ የሚያንኳኳው ድምፅ ያለውን ሰው በር ነበር፤ ድምፅ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ነጩ ነበር። ጉዳዩ እዚህ ላይ ይከብዳል።

የሊትል ሮክ ከተማ ታሪክ ይህንኑ ያጎላዋል። በ1957 ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች በወታደር ታጅበው ወደ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ፣ የአርካንሳው ገዥ ኦርቫል ፎበስ በሚቀጥለው ዓመት የከተማይቱን አራት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘጋ። ዓመቱ ያለ ትምህርት አለፈ። በታኅሣሥ 1958 አዲስ የትምህርት ቦርድ ተመረጠ፤ አባላቱም ስድስት ሲሆኑ ሦስቱ የዘር መለያየትን አጥብቀው የሚደግፉ፣ ሦስቱ ለዘብተኞች ነበሩ። በግንቦት 1959 ለዘብተኞቹ ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሟላ ስብሰባውን ረግጠው ወጡ። የቀሩት ሦስቱ ብቻቸውን ተቀምጠው የ44 መምህራንና ሠራተኞችን ውል ላለማደስ ወሰኑ። ከተማው ተናወጠ። ወሩ ሳያልቅ ልዩ ምርጫ ተደርጎ፣ በጠባብ የድምፅ ልዩነት፣ ሦስቱ ዘረኞች ከወንበራቸው ተነሡ፤ በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቶቹ ተከፈቱ።

ከወንበራቸው የተነሡት ሦስቱም የተቀመጡት ተወዳድረው ነው። ምኞታቸውን አልደበቁም። እንግዲህ ምኞትን በግልጽ መናገር ተጠያቂነትን እንጂ ደግነትን አያመጣም፤ ያመጣው ተጠያቂነት ግን ከወራት በኋላ አስነሥቷቸዋል። ወጥተው የሄዱት ሦስቱ ደግሞ በዚያች ሰዓት ወንበሩን ያገለገሉት ባዶ በመተው ነበር። ጀግና አድርጎ መሣል ግን አይገባም፤ ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ከነጮች ጋር እንዲማሩ የተፈቀደላቸው ጥቁር ተማሪዎች ጥቂቶች ነበሩ። ትምህርት ቤቶቹ እንዲከፈቱ ከማንም በፊት ተደራጅተው የተነሡት የከተማዋ ነጭ ሴቶች በቦርዱ ወንበር አልነበራቸውም፤ የማኅበራቸውንም የአባላት ዝርዝር ከበቀል ፍርሃት የተነሣ በምስጢር ይይዙት ነበር። ስምን መደበቅ ሁልጊዜ ትሕትና አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ከሁሉ በላይ የሚነቀፈው ለገዛ ልጁ ሲል የሚወዳደር ወላጅ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ተባሯል፤ ወይም የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ ወይም በክፍል ውስጥ የእናቱን ቋንቋ በመናገሩ ተቀጥቷል። በቴክሳስ፣ በክሪስታል ሲቲ፣ በ1970 ሜክሲኮ አሜሪካውያን የቦርዱን ወንበሮች ያሸነፉት ልጆቻቸው ስፓኒሽ በመናገር በሚቀጡበት ትምህርት ቤት ላይ አድማ ከመቱ በኋላ ነው። «የግል ጉዳይ አለው» የሚለው ነቀፋ ለእነዚህ ወላጆች ቢቀርብላቸው ይገርማቸው ነበር። ያልተነካ ሰው ወንበሩን ለምን ይፈልገዋል? የግል ሕመም መግቢያ በር ሊሆን ይችላል። የሚያጠያይቀው ሰውየው ከገባ በኋላ ነው፤ የወሰኑ መስመር በገዛ መንገዱ ላይ ሲሰመር፣ የልጁ ክፍል ሠላሳ ተማሪ ሲሆን የማያውቀው የሌላ ሰው ልጅ ክፍል ሃያ አምስት እንዲሆን ድምፅ ሲጠየቅ።

ይህን ወንበር ከሌላው የምርጫ ወንበር የሚለየው ግን ሌላ ነገር ነው። ውሳኔው የሚያርፍባቸው ልጆች አይመርጡም። ተወዳዳሪው አደራ የሚለምነው ከአንዱ ነው፤ የሚያስተዳድረው ሌላውን ነው። በሞንትጎመሪ ከሰባቱ ሌላ አንድ ተማሪ በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተመርጦ ለአንድ ዓመት ስምንተኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ አለ፣ የማይሰጥበትም አለ። በጎ ጅምር ነው፤ የሰባት ዓመት ሕፃን ግን አሁንም ወኪል የለውም። ከዚያም በላይ ዜግነት ያላገኘ ወላጅ አለ። ሌሊት ታክሲ ነድቶ ማለዳ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ግብሩን የሚከፍል፣ በአማርኛ የተጻፈውን ማስታወቂያ የሚያነብ፣ በምርጫው ቀን ግን ድምፅ የሌለው። የሳን ፍራንሲስኮ መራጮች በ2016 እንዲህ ያሉ ወላጆች በትምህርት ቦርድ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቅደዋል፤ ይህ በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል የለም።

እንግዲህ በይሉኝታ ያደገው ያ ኢትዮጵያዊ፣ ዜግነት አግኝቶና ወረቀቱን ሞልቶ ወደ ሰፈር ሲወጣ፣ በእጁ የሚይዘው የመራጮች ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ድምፅ የሌላቸውን በሮች እየዘለለ ይመራዋል፤ ጊዜውም አጭር ስለሆነ መዝለሉ ብልኅነት ይመስላል። ዝርዝሩን ትቶ ከሚዘለሉት በሮች አንዱን ያንኳኳ እንደሆነ፣ በሩን የሚከፍትለት የአገሩ ልጅ፣ ቡና እስኪፈላ እንኳ ሳይታገሥ፣ «እኔ ድምፅ የለኝም፤ ታዲያ ለምን መጣህ?» ብሎ ይጠይቀዋል።